ለጋሽ ማርቆስ ዶዘር የሠራሁት የሞተር መከለያ

አማን ከተማ፣ ጋሽ ከድር ጋራዥ ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ የሽቦ ብሩሽና ያረጀ የመኪና በር ነበር። “መጀመሪያ ዝገቱን ፍቂ፤ ብየዳው ይደርሳል” አሉኝ። ብየዳው ደረሰና ጭንብል ሳጠልቅ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ “ወንድሜ” ይለኝ ጀመር። ጭንብሉን ሳነሳ የሚደነግጡትን እያየሁ ብዙ ስቄያለሁ።

ከሠራሁት ሁሉ የማልረሳው የጋሽ ማርቆስን ዶዘር ነው። ጋሽ ማርቆስ በሼኮ በኩል ወደ ቡና መንደሮች መንገድ የሚጠርጉ ኦፕሬተር ናቸው። ዶዘሩ በዕድሜ ይበልጠኛል። የሞተሩ የጎን ክዳኖች ከጠፉ ቆይተዋል፤ ጫካ ሲገባ ቅርንጫፍ የናፍጣ ቱቦ ይበጥሳል፣ ደረቅ ቅጠል የሚግለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው ሥር ይከማቻል። አንዴ እሳት ተነስቶ አፈር እየበተኑ ነው ያጠፉት። የዶዘሩ ባለቤትም ሌላ እሳት ከተነሳ ለቁራሌ እሸጠዋለሁ ብሏቸዋል።

ያን ጊዜ የሚጠርጉት መንገድ ወደ ትውልድ መንደራቸው የሚወስደውን ነበር። እዚያ ሕመምተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ዝናቡ ሳይገባ መድረስ ነበረባቸው።

መከለያ እንድሠራለት ዶዘሩን ወደ እኛ አመጡት፤ ልኩን በካርቶን ወሰድኩ። ወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ ጠርዙን በአንግል ብረት አጠንክሬ፣ የአየር ቀዳዳ በስቼ፣ ግራና ቀኙን በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጋሽ ከድር በመዶሻ መታ መታ አድርገው “ዝሆንም አይነቀንቀው” አሉ። እኔም ኮራሁ።

ጋሽ ማርቆስ ዞረው ዞረው አዩትና በምን እንደሚከፈት ጠየቁኝ። ብሎኖቹን በቁልፍ ይፈታሉ አልኳቸው።

“የኔ ልጅ፣ እኔ ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ እጄን አስገብቼ ቅጠሉን እጠርጋለሁ። ከምሳ በኋላም እደግማለሁ። ይሄን ሁሉ ብሎን ስፈታ አንድ ቀን ይሰለቸኛል። የዚያን ቀን ይቃጠላል።”

ተናደድኩ። ግን በራሱ ስንፍና ላይ ቀድሞ የሚጠነቀቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ጋሽ ከድር ሳቁና “ፍቺው” አሉኝ።

ፈታሁት። ከላይ ማጠፊያ በየድኩለት፤ ከታች በአንድ እጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ ሠራሁ። ቅርንጫፍ እንዳይስበው እጀታውን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ የመቀርቀሪያው ፒንም ጫካ ውስጥ እንዳይጠፋ በሰንሰለት አሰርኩት። ጋሽ ማርቆስ ከፍተው ዘጉ፣ ደግመው ከፍተው ዘጉና ወደ መሪያቸው ወጡ።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ዶዘሩን ይዘው መጡ። የግራው መከለያ በግንድ ተመትቶ ጎድጉዷል። መቀርቀሪያውን ሳብ ሲያደርጉት ግን ተከፈተ። ቱቦው ደህና ነው፤ ውስጡም እንደተጠረገ ደጅ ንጹሕ ነበር።

መንገዱስ አልኳቸው።

“ትናንት የወንድሜ ሚስት ምጥ ይዟት በባጃጅ ወረደች። ወንድ ወለደች።”

ጭንብሌን ቶሎ አወረድኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክዳን ስሠራ፣ ላሜራ ከመቁረጤ በፊት በየቀኑ የሚከፍተው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።