ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

እግሬ ቤት አይወድም። በዚህ በፈረንጅ አገርም፣ ልጄ ሻኮፒ ከተማ ወዳለው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ፣ ለሥራ ስትወጣ፣ እኔም ካፖርቴ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ። የአስኳላ ደጅ ረግጬ አላውቅምና የጎዳናውን ስም አላነብም፤ ቢሆንም የወሰደኝ ባቡር መልሶ ያመጣኛል ብዬ አልፈራም። ከሌክ ስትሪት ጣቢያ እሳፈርና ደስ ያለኝ ቦታ ላይ ዱብ እላለሁ።

አንድ ረቡዕ ኤርፖርቱ አካባቢ ወረድኩ። ጥቂት እንደሄድኩ፣ ከአንድ የጦር ሰፈር በር ፊት ለፊት ሰዎች ቆመው አየሁ። አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም እንደኔው ያረጁ። ጥቁር ለብሰዋል። አይነጋገሩም። ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ይዘዋል፤ የሟቹ ስም መሆን አለበት አልኩ። ወታደር ልጅ ሞቶባቸው ሬሳውን የሚጠብቁ መሰለኝ።

ለቅሶ አይቶ ማለፍ ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና፣ ከሁሉ ፊት የቆመችውን ሽበታም ሴትዮ እጇን ይዤ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እኔም የራሴን ሙታን አስታውሼ ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ንፋሱ ነበር ያስለቀሳት፤ ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው።

በሳምንቱ ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ፣ ንፍሮዬን በሳህን ሸፍኜ ሄድኩ። ሐዘንተኛ ጦሙን አያድርም። ሴትዮዋ እፍኝ ሙሉ ዘግና በላች፣ ደገመች። ሐዘኑ ቢከፋም ሆዷን አልዘጋውም፣ ተመስገን አልኩ።

እንዲህ እያልኩ ወር ሞላኝ። አንድ ማታ ለልጄ፣ «የፈረንጅ ለቅሶ እንዴት ይረዝማል! እኛ በሦስተኛው ቀን ድንኳን እናፈርሳለን» ብላት፣ ደነገጠች።

«የምን ለቅሶ ነው እማዬ?»

በማግስቱ ረቡዕ ነው፤ እሷም ከሥራ ኦፍ ነበረች። ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። ሰሌዳውን አነበበች፣ ከሴትዮዋ ጋር ጥቂት ተነጋገረች፣ ከዚያ መኪናዋን ተደግፋ ሳቀች ሳቀች።

«እማዬ፣ ማንም አልሞተም እኮ! የኒውክሌር ቦምብ ይጥፋ ነው የሚሉት። ሰላማዊ ሰልፍ ነው!»

«ሰልፍ እንዲህ ዝም ይላል እንዴ? ቦምቡስ እዚህ ግቢ ነው ያለው?»

«እዚህ መኖሩን አናውቅም ይላሉ። ግን መንግሥትን ለማነጋገር የቀረባቸው የወታደር ደጅ ይሄ ነው።»

ክው አልኩ። በደህና ሰዎች ላይ ነጠላ አዘቅዝቄ፣ ንፍሮ አብልቼ! ከዚህ በላይ ምን ሟርት አለ? «ይቅር በሉኝ በያቸው» አልኳት። ልጄ ስትነግራቸው ሴትዮዋ ዳሌዋን ይዛ ሳቀች፤ ያማታል። ከዚያ ረጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ልጄ ተረጎመችልኝ።

«ያ ቦምብ ከወደቀ ቀባሪም ለቅሶ ደራሽም አይተርፍም። እናትሽ አልተሳሳተችም፣ እኛ ቀድመን ነው የምናለቅሰው፣ ትላለች።»

ይህ ነገር ልቤ ገባ። ቀባሪ የሌለው ሞት እኛ የምንረጋገመው እርግማን ነው፤ ሰው በብልሃት ሠርቶ ያስቀምጠዋል አላልኩም ነበር።

«ንፍሮውስ? ይቅር?»

«ጨው ጨምሪበት ብላለች።»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ቀኔ ሆነ። በጋውን አብረን ዘለቅን። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን የሴትዮዋ ዳሌ ጨርሶ እምቢ አለ። ልጇ ሩቅ ስቴት ወስዶ ሊያሳክማት፣ በዚያው ሊያኖራት ነው። ለዳሌዋ አልነበረም የተጨነቀችው። ልጆቿን ካዘለችበት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ጥግ ቆማለች፤ ሌሎቹንም በስልክ ቀስቅሳ፣ በመኪናዋ ሰብስባ የምታመጣቸው እሷ ናት። «እኔ ከሄድኩ ጥጉ ባዶ ይቀራል» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ያን ቀን ንፋስ አልነበረም።

«ሰሌዳውን ለኔ ስጪ በያት» አልኳት ልጄን።

«እማዬ! ስኖው ሊመጣ ሲል? ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽስ ምን ልትዪ ነው?»

«ኖ ቦምብ፣ ቴንክዩ። ሌላ ምን አለው?»

ልጄ እያጉረመረመች ሰሌዳውን መኪናው ውስጥ አስገባችው። ለእኔም ወፍራም ቦት ጫማ ገዛችልኝ፤ እንደ ኩርፊያም እንደ ምርቃትም ነው።

ሴትዮዋ በሄደች በመጀመሪያው ረቡዕ በረዶው ይዘንባል። ከባቡር ወርጄ ስደርስ ጥጉ ላይ ሰው የለም። ሰሌዳውን ይዤ ቆምኩ። የመጣሁበትን መንገድ ደጋግሜ አየሁ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከሰልፈኞቹ ሁሉ ዝምተኛ የሆኑት ሽማግሌ በከዘራቸው እየተንፏቀቁ መጡ። የአውቶቡሱን መንገድ ራሳቸው ፈልገው አግኝተውታል። ቀጥለው ከሰልፈኞቹ መካከል ያሉት ባልና ሚስት መጡ። በምልክት እንደገባኝ፣ እኔ አሮጊቷ ብቻዬን እንዳልቆም ተጨንቀው ነው። ጎን ለጎን ቆምን።

የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት፤ አልጋ ላይ ሆና ፊቷ ይታያል። ዓይኗ ከእኛ አልፎ ጥጉን ይፈልጋል። ስልኩን ተቀብዬ አዞርኩላት፤ ሽማግሌውን፣ ባልና ሚስቱን፣ በረዶ የለበሰውን ሰሌዳ። አንድ የጭነት መኪና እያለፈ ክላክሱን ረጅም ነፋልን። እሱንም አሰማኋት።

«ሞልቷል እህቴ! አንቺ ዳሌሽን አሳርፊ» አልኳት በአማርኛ።

ሽማግሌው ስልኩን ወሰዱና ያልኩትን ተረጎሙላት። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። ብቻ ምን እንዳሏት እንጃ፣ ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማኝ።