በመቀነት ላይ የለካሁት ወገብ

ባለፈው ማክሰኞ እትየ ዘርፌ ሳይመጡ ቀሩ። በየሦስት ወሩ ለስኳር ሕመማቸው ክትትል ከወገራ ወደ ጎንደር ሲወርዱ የሚያርፉት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ፣ እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ብርቱካን ከዋዜማው ጀምራ አልጋቸውን አንጥፋ፣ የሚስማማቸውን ወጥ ለብቻ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ጠዋትም አልመጡ፣ ከሰዓትም አልመጡ።

«ምነው እትየ ዘርፌ ቀሩ? መኪና አጥተው ይሆን?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኋት።

ውሸቴን ነበር። ለምን እንደቀሩ አውቃለሁ። ባለፈው ቀጠሯቸው የማይነገር ነገር ነግሬያቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሆዴ ቀበቶዬን ከመሸፈኑ ብዙ ዘመን በፊት፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። በጂኦግራፊ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ቁስቋም ሰፈር እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑ አዋቂዎችን መዝግቦ በየዓመቱ እየተመላለሰ ክብደታቸውን፣ የወገባቸውን ዙሪያና የደም ግፊታቸውን ይለካል። ማን ወፈረ፣ የወፈረው ምን ሆነ፣ የከሳውስ? ይህን ለማወቅ አንዱን ሰው ሳይለቁ ለዓመታት መከተል ያስፈልጋል። ከፈቃደኞቹ ግማሾቹ የከተማ፣ ግማሾቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ለእኔ የደረሰኝ ከአምባጊዮርጊስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደ ላይ የሚያስወጣ የወገራ መንደር ሆነ።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሚዛኑን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልዬ፣ አዝዬው እወጣለሁ። ዳገቱን ስጨርስ ላቤ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል። በየደረስሁበት ቤት ትኩስ የድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር ይቀርብልኛል፤ አልበላም ማለት አይቻልም። ሰው ሲወፍር ምን እንደሚሆን ላጠና ሄጄ የወፈርሁት እኔ ነበርሁ።

ሥልጠና ላይ ወገብ የሚለካው ልብስ ተገልጦ፣ በባዶ ቆዳ ላይ ነው ተብለናል። የተለማመድነውም እርስ በርሳችን ነበር፤ ወንዶቹ ወንዶቹን፣ ሴቶቹ ሴቶቹን እየለካን። የወገራ ሴት መቀነት ማናችንም ትዝ አላለንም። ሴቶቹን እንድትለካ ከእኔ ጋር የተመደበችው ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ብርድ ቀምሳ በማግስቱ ወደ ጎንደር ተመለሰች። አልፈርድባትም፤ እኔም የሚያስመልሰኝ ሌላ እንጀራ ቢኖረኝ አልቆይም ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት እትየ ዘርፌ ቤት ነው። ያኔ አርባ አይሞላቸውም። ጠላ እየጠመቁ ይሸጣሉ፤ በመንደሩ ወፍራም የሚባሉት ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያ አገር ውፍረት አያሳፍርም ነበር። ጎተራዋ ሞልቷል፣ ባሏም ያከብራታል ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ ወጥተው ቁጥራቸውን ስነግራቸው እንደተሸለመ ሰው ቀና ብለው ቤቱን ቃኙት።

«አሁን ደግሞ መቀነትዎን ቢፈቱልኝ» አልኋቸው፣ ሜትሬን ይዤ።

ጠጪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ይህን መቀነት የሚፈታው አንድ ሰው ነው። እሱም ያውልህ፣ እዚያ ተቀምጧል።»

ባላቸው አያ ዳምጤ የጠላ አንኮላቸውን ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ። እኔ ፊቴ ቀላ። ሜትሬን በመቀነቱ ላይ አዙሬ ለካሁና የጨርቁን ውፍረት በግምት ቀነስሁለት። ቅጹ ላይ «በባዶ ቆዳ የተለካ» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት አደረግሁ። ወሬው ቀድሞኝ ስለዞረ በሌላውም ቤት ሴቶቹ መቀነታቸውን እንደታጠቁ ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉንም እንዲያው ለካኋቸው።

ጣጣው የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። በግምት የቀነስሁት ከጨርቁ ውፍረት እጅግ ያነሰ ነበር። በደንቡ ልለካ ብል የመንደሩ ሴት ሁሉ ባንድ ዓመት ቀጠነች ሊባል ነው። ምን ተፈጠረ ብለው ይጠይቁኛል። ስለዚህ እንደገና በመቀነቱ ላይ ለካሁ፣ እንደገና በግምት ቀነስሁ፣ እንደገና ምልክቷን አደረግሁ። አንድ ቀን አፍሬ የሠራሁትን በየዓመቱ መድገም ግዴታዬ ሆነ። ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ የማነብለት ወረቀት ነበር፤ «በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልግዎ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ» ይላል። ያን ባነበብሁ ቁጥር እቀናባቸው ነበር። እኔ የት እወጣለሁ? እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚያድሩት በእኔ ደመወዝ ነው።

በሦስተኛው ዓመት እትየ ዘርፌ ቤት ስገባ የተቀበሉኝ ሌላ ሴት መሰሉኝ። ጉንጫቸው ሰርጉዷል። አጠገባቸው አንድ ጆግ ውኃ አስቀምጠው ደጋግመው ይጎነጫሉ፤ እኔ ቅጹን እስክሞላ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥተው ተመለሱ። ስለ ስኳር በሽታ ሥልጠና ላይ የተነገረን ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

ሚዛኑ ስልሳ አራት አለ። አምና ሰማንያ አንድ ነበሩ። ወለሉ አባጣ ጎርባጣ ስለሆነ ይሆናል ብዬ ከሥሩ ጣውላ አስገባሁና እንደገና አወጣኋቸው። ያው ስልሳ አራት። ወገባቸውን ስለካ ግን ከአምናው አንዲት ጣት እንኳ አልጎደለም። ሜትሩን ሳጠብቀው ጨርቁ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መንደርተኛው ከሳች እንዳይላቸው በመቀነቱ ላይ ሌላ መቀነት እየደረቡ ወገባቸውን ሞልተውታል።

የሥራችን ደንብ እንዲህ ነበር፦ የአንድ ሰው ክብደት ከአምናው ከአምስት ኪሎ በላይ ከተለየ አስተባባሪው ራሱ አንዲት ነርስ ይዞ ወጥቶ ሁሉንም እንደገና ይለካል። ነርሷ መቀነቱን ታስፈታለች። የእትየ ዘርፌን ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹንም። ስልሳ አራት ብዬ ብጽፍ የሦስት ዓመት ሥራዬ እዚያው ጓዳ ውስጥ ሊራገፍ ነው።

«ስንት ሆንሁ?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውነቴ እየሄደብኝ ነው መሰለኝ፣ ወንድማለም። የውኃ ጥሙ አላስቀምጥ ብሎኛል። ዳምጤ በግ ሸጦ ጎንደር ሐኪም ቤት ሊያወርደኝ ነው። ያንተን ሚዛን እንይ ብለን ነው የቆየነ።»

ቅጹን እያየሁ «ሰባ ዘጠኝ» አልሁ። ከአምናው ጋር አንድ እንዳይሆን ሁለት የቀነስሁት እንኳ አስቤበት ነው።

«ከአምናው ስንት ጎደለ?»

«ሁለት ኪሎ።»

«ሁለት ኪሎማ የጾሙም ነው» አሉ። ትከሻቸው ሲላላ አየሁት። «እንግዲያው ደህና ነኛ።» ወደ ደጅ ዞረው «ዳምጤ፣ በጉን ተወው» ብለው ተጣሩ።

ሚዛኔን አዝዬ ወረድሁ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ጎንደር ከተማ ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ክዳን ያላት ክፍል ተሰጥቶን ቅጾቹን ወደ ኮምፒውተር እናስገባ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጠን አንሰማማም። እኔ በዚያ ጩኸት መካከል «በጉን ተወው» የሚለውን እሰማለሁ። ዛሬ ልሂድ እላለሁ፤ ዛሬ ያልፋል። ነገ እላለሁ። መንገዱ ጭቃ ነው እላለሁ፤ ሌላው ሰው በዚያው ጭቃ ይመላለሳል። ለአስተባባሪው ልነግረው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ስለ እስክሪብቶ ጠይቄው ተመለስሁ። ፈሪ ነበርሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ለዚያ ልጅ ሌላ ስም ልፈልግለት ብል አላገኝም።

ጳጉሜ ላይ ለማንም ሳልነግር ወጣሁ። እትየ ዘርፌ መደብ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። እግራቸውን እንጨት ወግቷቸው ቁስሉ አልሽር ብሎ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ ሽታው ከደጅ ይቀበላል። መቀነቱን አልታጠቁም። ያለ እሱ ሳያቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«አሁኑኑ ጎንደር መውረድ አለባቸው» አልሁ።

አያ ዳምጤ ጎረቤቱን ጠሩ። በቃሬዛ አድርገን፣ እየተፈራረቅን፣ በዚያ ጭቃ እስከ አምባጊዮርጊስ ተሸከምናቸው። እኔም ተራዬን ይዣለሁ፤ ቀለውኝ ነበር። ሐኪም ቤት ስኳር ነው ተባለ። ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ተቆረጡ፤ ነፍሳቸው ተረፈች።

ኮሪደሩ ላይ አያ ዳምጤ ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። «አንተ ባትደርስልን ቀብሬያት ነበር። ሸጋ ልጅ ነህ፤ እግዜር ያክብርህ» አሉ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበርና መልሼ ዘጋሁት።

ከመቀነቱ የባሰው ወጥመድ ይህ ሆነ። በሌላው ዓመት የመምህርነት ሥራ አግኝቼ ከጥናቱ ወጣሁ፤ ቁጥሮቼ ግን እዚያው ቀሩ። ማን እንዳነበባቸው፣ ምን እንደተባለባቸው አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ከምስጋናው ግን የሚያስወጣ በር አላገኘሁም። አያ ዳምጤ እንዳመሰገኑኝ ሞቱ። እትየ ዘርፌ ለቀጠሮ በመጡ ቁጥር የገብስ በሶ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ለጎረቤቶቻችን «ይህ ነው ያዳነኝ» እያሉ ያሳዩኛል። ልጆቼ ይህን ታሪክ እየሰሙ አደጉ። በሶውን እበላለሁ፣ አመሰግናለሁም፤ ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖርሁ።

ከሦስት ወር በፊት ምሳ ላይ ብርቱካንን የክርስትና ስሜን ጠየቋት። «ለቄሱ ልሰጠው ነው። በቅዳሴ ስሙ ይነሣልኝ፤ እኔ ሌላ ምን አለኝ» አሏት። እሷም ደስ ብሏት ነገረቻቸው። የያዝሁትን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለስሁት። በማግስቱ ብርቱካን ገበያ ስትወጣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መቀነቱን፣ ደንቡን፣ ሰባ ዘጠኝን።



«እውነቱ ስንት ነበርሁ?» አሉኝ።

«ስልሳ አራት።»

«ስልሳ አራት» አሉ። «እኔ እኮ ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ ሐኪም ቤት የገባሁ ለት አውቄአለሁ። ሚዛን ይሳሳታል፣ ልጁ ምን ያድርግ እያልሁ ለዳምጤም የነገርሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሐኪም ቤት ልወርድ ነው ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼዎታለሁ።»

ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ ብርቱካን ሳትመለስ ወጡ። ልሸኛቸው ብነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ። ስትመለስ፣ ቸኩለው ሄዱ አልኋት።

ዛሬ ጠዋት ብርቱካን ልትደውልላቸው ስልኳን አነሣች። «ቆይ» አልኋት፣ «መጀመሪያ እኔን ስሚኝ።» ይህን የጻፍሁትን ሁሉ ነገርኋት። ስጨርስ፣ የእትየ ዘርፌን ቁጥር አውጥታ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችና «አንተ ደውል» አለች።

ደወልሁ። አነሡት። ድምፄን ሰምተው ስልኩን አልዘጉትም። «እግርዎ እንዴት ነው?» አልሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ስጠይቃቸው ደህና ነኝ ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም።

«በአፍ አልነግርህም» አሉ። «ና፣ በዓይንህ እየው።»

ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ ወገራ እወጣለሁ። ይቅር ሊሉኝ ይሁን በመንደሩ ፊት ሊያቆሙኝ፣ አላውቅም። ከድምፃቸው ላውቅ ሞክሬ አልቻልሁም። እፈራለሁ፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከፈራሁት ይልቅ አሁን እፈራለሁ። ያኔ የፈራሁት ሥራዬን ማጣት ነበር፤ ዛሬ የምፈራው እሳቸውን ነው።