እትዬ መሰለች ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ቃል

የቦኖ ውሃ ጠባቂዋን እትዬ መሰለችን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ወረፋ ጥሶ ከምላሳቸው ያመለጠም የለም፤ የኔን ባልዲ ስንቴ አሽቀንጥረውታል!

በ1968 መስከረም ቀበሌያችን የአብዮቱን አንደኛ ዓመት ሲያከብር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፈት የብረት ሣጥን ግቢው ውስጥ ሊቀብር ተነሳ። እያንዳንዳችን ያኔ ምን እንደሚሆን እንናገራለን፣ ጸሐፊው ዳኜ በየወረቀቱ ይጽፍልናል። ባለሱቁ ኑሪ «በየደጁ ማኪና ይቆማል» አለ። እኔ ልብስ ሰፊው ደግሞ «በየቤቱ ቴሌቪዥን ይገባል» አልኩ። የእትዬ መሰለች ተራ ደረሰ።

«በአሥር ዓመቱ ይህችን ወረቀት መሰለች ራሷ ታነባታለች ብለህ ጻፍ» አሉት።

ግቢው በሳቅ አውካካ። ሃምሳ ሊሞላቸው ነው፤ «ሀ»ን እንኳ አይለዩም። «ካረጁ አይበጁ!» ያልኩት፣ አፌን ይቁረጠውና፣ እኔ ነኝ። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። «ዕድሜ ይስጣችሁና ታያላችሁ» ብለው ወደ ቧንቧቸው ሄዱ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። ባልዲ እስኪሞላ ጣታቸውን እያራሱ ሲሚንቶው ላይ ፊደል ይጽፋሉ፤ ፀሐይ ስታደርቀው ደግመው ይጽፋሉ። የረገጠ ወዮለት! ሰፈሩ በሙሉ ባልዲውን ይዞ «ፐ» እስኪያልቅ ይቆም ነበር።

በ1978 መስከረም ሣጥኑ ወጣ። ዳኜ ሊቀ መንበር ሆኗል፣ ወረቀቱን የሚያነበውም እሱ ነው። በኑሪ ማኪና ተሳቀ፤ በኔ ቴሌቪዥንማ አንገቴን ደፋሁ። የእትዬ መሰለች አሻራ ያለበትን ሲያወጣ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ እኔ ላንብብልዎት። እርጥበት ነክቶታል።»

«ወዲህ በል!» ብለው ነጠቁት።

በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ፤ «ሰፊው... ሕዝብ... በትራክተር... ያርሳል።» ቆም አሉ። መልሰው ከላይ ጀመሩና ጨርሰው ቀና አሉ።

«ዳኜ! ይሄ የኔ ቃል አይደለም! ጉለሌ ላይ ምኑን ነው በትራክተር የማርሰው?»

ሊቀ መንበሩ በላብ ተጠመቀ። «እ... ማለቴ... ያኔ ለአብዮቱ የሚመጥን ነገር ይግባ ብዬ ነው። ደግሞም... አያነቡትም ብዬ...»

«አነበብኩታ!»

እልልታው እስከ እንጦጦ ሳይሰማ አልቀረም። ኑሪ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ! እናታችን አሸንፈዋል፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው እኮ!

የዳኜን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ መዝዘው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ትራክተሩን በመስመር ሰረዙት። ከአሻራቸው ሥር፣ ትልልቅ ፊደል እየጣሉ፣ «መሰለች ራሷ አነበበችው» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልብስ ሰፊ፣ ካረጁ ምን ነበር ያልከው?»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።