አያ ዋሴ ያላዩት ዝናብ

ባለፈው ቅዳሜ... ደባርቅ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ከእህቴ ልጅ ከሰላም ጋር ተቀምጠናል። ሻይዋ ቀዝቅዟል፤ እሷ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣለች።

ሰላም ለዶክትሬት ጥናቷ የአካባቢውን ዝናብ ለዓመታት ስትከታተል ቆይታለች። ጥናቱ አልቋል። የቀራት የየዕለቱን ልኬት፣ ማንም ተመራማሪ ከየትም ሆኖ እንዲያየው፣ የጥናት መረጃዎችን በኢንተርኔት አትሞ በሚያኖር ማኅደር ማስቀመጥ ነው። ማኅደሩ ግን አንድ ጥያቄ ልኮባታል። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ባዶ ነው፤ የማግስቱ ቁጥር ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል። ይህ ካልተብራራ አይታተምም።

«አንዷ ቀን ካጠራጠረች ሌላውን ማን ያምነኛል?» አለችኝ።

ዝናቡን የለኩት አያ ዋሴ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። መለኪያው ጓሯቸው ተተክሏል፤ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን አይተው ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ለገበያ ሲወጡ ልናገኛቸው ተቀጣጥረናል።

ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ ደብተሩን ከሰላም ተቀብለው ገጹን ወዲያው አገኙት።

«ይህቺ ቀን የእህቴ ቀብር ናት። ጎህ ሳይቀድ ዛሪማ ወረድን፤ ባለቤቴም አብራኝ ነበረች። እዚያው አደርን። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጥቼ የተጠራቀመውን ለካሁ።»

«ታዲያ የሁለት ቀን ውሃ ነዋ!» አለች ሰላም፤ ፊቷ ፈካ።

እኔም ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝና መፍትሔ ይዤ ብቅ አልኩ። «ምን ያስጨንቃል፣ ለሁለት ይካፈላ! ግማሹ ለዚያኛው ቀን፣ ግማሹ ለዚህኛው።»

አያ ዋሴ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ እዚያ ነበርክ?»

«የት?»

«ጓሮዬ።»

«አልነበርኩም።»

«እኔም አልነበርኩም። የቀብሩ ዕለት ድርቅ ብሎ ውሎ እንደሆነስ? ሁለታችንም ያላየነውን ዝናብ ማን አዘነበው?»

ሻይ ቀጂዋ ሳቀች።

«ባዶውን ካልተቀበሉኝስ፣ አያ?» አለች ሰላም።

«የሆነውን ጻፊላቸው። ለቅሶ የሌለበት አገር የለም... ይገባቸዋል።»

ጻፈች። ልኬቱን የሚወስዱት ሰው ቀብር ሄደው እንደነበር፣ የማግስቱ ቁጥር የሁለት ቀን ድምር እንደሆነ። ባዶዋ ቀን ባዶ እንደሆነች ተላከች።

ትናንት መልሱ መጣ። መረጃው ታትሟል። ባዶዋ ቀን ከነማብራሪያዋ አለች፤ ልኬቱን የወሰዱ ከሚለው ሥር የአያ ዋሴ ሙሉ ስም ሰፍሯል። የእኔ ስም ስንት ጊዜ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል... የሳቸውን ሳነብ እንደኮራሁት ግን ኮርቼ አላውቅም።

ወዲያው ደወልንላቸው።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አሉ።

«እኛ ካለፍንም በኋላ ይቆያል፣ አያ» አለች ሰላም። «ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ወደ አዲስ እየገለበጡ ያቆዩታል።»

«ብራና ሲያረጅ በአዲስ ብራና እንደሚገለብጡት በይኛ!»

«እንደሱ ነው።»

ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጡ።

«ጋዜጠኛው አጠገብሽ አለ?»

«አለ፣ ይሰማዎታል።»

«እንኳንም የሱን ምክር አልሰማሁ!»