ሥጋ የማይነኩት ሸህ

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ነው። አዝመራው ገብቶ፣ ሰሊጡ ተሸጦ፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ያለው ሁሉ በሚድርበት ሰሞን። እስካሁን ድረስ አመሻሽ ላይ የሰርግ ዘፈን ከሩቅ ስሰማ ጆሮዬ ይግላል። ባለቤቴ ደግሞ ያንን አይታ ትስቅብኛለች።

ስሜ ተገኘ ነው፤ የመተማ ሰው ነኝ። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዐሱር ሲሰገድ ሥራዬ ያልቃል። ባለቤቴ ዝናሽ ግን ለሰርግ ምግብ የምታዘጋጅ ሐጃ ነፊሳ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ ወጥ ሠሪ ናት። በሰርግ ወቅት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምትገባው። ስለዚህ የልጆቹ ራት በእኔ ላይ ወደቀ።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። መቅደስ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ወጥ ውስጥ ሽንኩርት ካየች ሳህኑን ትገፋለች። ታናሿ አቤል ነጭ ያልሆነ ምግብ አይበላም። ዳቦ፣ ወተት፣ ሩዝ፣ በቃ። ሁለቱም እዚሁ ስላደጉ እምቢ የሚሉት በዐረብኛ ነው። አቤል "ማ ዳይር!" ይላል፤ አልፈልግም ማለቱ ነው። እህቱ "ማ ዳይራ!" ትከተላለች።

በእነሱም አልፈርድም። የእኔ ሽሮ ከታች ያራል፣ ከላይ ይጓጉላል። መኮሮኒ ስቀቅል እንደ ጭቃ ጡብ አንድ ላይ ይወጣል። ምስር አንድ ቀን ሞከርኩ፤ እሱን ባላወራው ይሻላል።

አንድ ምሽት ሽሮው እንደ ልማዱ ሲያር ጊዜ ልጆቹን ይዤ ፉል ልገዛ ወጣሁ። ፉል ሻጩ ዘግቷል። ለካ መንገዱ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ሰፈሩ በሙሉ ሰርግ ላይ ነው። የልጆቹን እጅ ይዤ ቆሜ ሳይ አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ አፍ መጥተው ክንዴን ያዙ።

"ኢትፈደል፣ ያ ዞል! ኢትፈደል!" አሉኝ። ግባ፣ ብላ ማለታቸው ነው።

"አይ፣ እኔ እንኳ…" አልኩ።

"ልጆቹን አታስርብ!" ብለው እየጎተቱ ወስደው አስቀመጡን።

ትሪ መጣ። እኛ ክርስቲያኖች ያልባረክነውን ሥጋ አንበላምና ሥጋውን ወደ ዳር ገፋሁት። የሱዳን ትሪ ግን ያለ ሥጋም ሙሉ ነው፤ ፉሉ፣ በዘይት የተጠበሰው የባቄላ ጣዕሚያ፣ ሰላጣው፣ ደግሞም በሩዝ የተሞላ ዝኩኒና ቃሪያ፣ ማሕሺ የሚሉት። አቤል አንዱን ማሕሺ አንስቶ ከፈተው። ውስጡ ነጭ ነው። ሩዙን በላ። ከዚያ፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ አረንጓዴውንም በላ! መቅደስ ሽንኩርት ያለበትን ሰላጣ በዳቦ እየጠቀለለች ታነሳለች። እኔ እነሱን እያየሁ መብላት ረሳሁ።

ማታ ዝናሽ ገብታ "በሉ?" አለችኝ።

"ጠግበው ነው የተኙት" አልኩ። ውሸት አይደለም።

እግዜር ያሳያችሁ፣ በማግስቱ ሽሮ ለመሥራት እጄ አልታዘዘኝም። ጆሮዬን አቆምኩ። ከሌላ ሰፈር ዘፈን ይሰማል። ልጆቹን አጠብኩ፤ የጸዳ ልብስ አለበስኳቸው፤ እኔም ነጭ ጀለቢያዬን ለብሼ ወጣን።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከጦርነቱ ወዲህ ከካርቱም የሸሸ ሰው ገዳሪፍን ሞልቶታል፤ በየቤቱ የማይታወቅ የሩቅ ዘመድ አለ። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት ዘመድ ነው ይለኛል፣ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው። እኔ ግን አንድም ቀን ዘመድ ነኝ ብዬ አላውቅም። በር ላይ "አልፍ መብሩክ!"፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ብዬ የሚጨበጠውን ሁሉ እጨብጣለሁ፤ ሽማግሌዎቹ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ስጠየቅ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሰው ብዙ የማያወራን ሰው እንዴት እንደሚያከብር ያኔ ነው የገባኝ። እየቆየ ትሪው ወደ እኔ ቀድሞ መምጣት ጀመረ። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ልጆቹ ወፈሩ። ዝናሽ ይህን አይታ ጠረጠረች።

"ምንድን ነው የምትሠራላቸው?"

ምን ልበል? "ማሕሺ" አልኳት።

"አንተ? ማሕሺ?"

"ሰው አሳየኝ። ቀላል ነው እኮ፤ ሆዱን ትቦረቡሪዋለሽ፣ ሩዝ ትሞይዋለሽ።"

ዝናሽ እጆቼን አየች። ከዚያ ዓይኗ ፈካ፤ ትከሻዬን መታ አድርጋ "የኔ ጀግና" አለችኝ። በማግስቱ ሥራ ቦታዋ ሄዳ ባሌ ማሕሺ ይሠራል ብላ ለሴቶቹ ሁሉ አወራች። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማ ምናልባት አቆም ነበር። ምናልባት።

ከዝናሽ ጋር እገናኛለሁ ብዬ አልሰጋሁም። እሷ የምትሠራው ግቢ ውስጥ ነው፤ ምግቡን ወደ ሰርጉ የሚወስዱት ሐጃ ነፊሳና ትሪ የሚያዞሩት ወጣቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መልኬን አያውቁም። የሐጃ ነፊሳን ሕግ ግን አውቃለሁ፤ የሠራተኛ ቤተሰብ ሰርግ አጠገብ ድርሽ አይልም። አንዲት ሴት ለቤቷ ምግብ በፌስታል ስትቋጥር አግኝታት በዚያው ቀን አሰናብታታለች። የእኛን ቤት ቀጥ አድርጎ ያቆመው የዝናሽ ሥራ ነው። የእኔ ጆንያ እንኳን ኪራይ፣ ስኳር አያሟላም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለ አንድ ትልቅ ሰርግ ገባን። ተቀመጥን። አቤል እግሩን እያወዛወዘ ትሪ ይጠብቃል። የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና ትሪ የተሸከመች ሴት ገባች።

ዝናሽ ናት።

ለካ ትሪ የሚያዞረው ልጅ ታሞ ቀርቶ እሷን በምትኩ አምጥተዋታል። ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች፤ ከትሪው በላይ አየችኝ። ጀለቢያዬን አየች። ልጆቹን አየች። ትሪውን አጥብቃ ያዘች። ስሜ ተገኘ ነው አላልኳችሁም? የዚያን ዕለት ስሜ ደረሰብኝ።

ዝናሽ ብልህ ሴት ናት። ምንም እንዳላየች ጎንበስ ብላ ትሪውን አስቀመጠች። "ኢትፈደሉ" አለች፤ በጫማዋ ግን የእግሬን ጣት ረገጠችው። በቀስታ፣ በአማርኛ፣ "ተነስተህ ውጣ፤ ሐጃ መጋረጃው ጋ ናት" አለችኝ።

እኔም ልነሳ ስል አቤል በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

"እማዬ! ነይ ተቀመጪ፣ ማሕሺ አለ!"

ዘፋኙ እንኳ ትንፋሽ የወሰደ መሰለኝ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። መጋረጃው ጋ የቆመችው ሐጃ ነፊሳ የተጠቀለለችበትን ቶብ ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ መጣች። ግዙፍ ሴት ናት፤ ስትራመድ መንገድ ይለቀቅላታል። የዝናሽ ፊት እንደ አመድ ሆነ። እኔ በልቤ "ሥራዋን በላሁባት" አልኩ።

ሐጃ ነፊሳ ግን እኔን አልነበረም የተቆጣችው።

"አንቺ ዝናሽ፣ ሸሁን ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የሚደነግጡት?" አለች።

"የቱን ሸህ?" አለች ዝናሽ።

"እኚህን ነዋ! በየሰርጉ ኒካህ የሚያስሩትን። ከሁሉም ትሪ ያማረውን ለእሳቸው ነው የማስልከው። አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ሥጋ እንኳ አይነኩም! ትሪያቸው ሁልጊዜ ሥጋው እንዳለ ነው የሚመለሰው።"

ትሪው ቀድሞ የሚመጣልኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዝናሽ መካድ ትችል ነበር። "ይቅርታ ሸህ" ብላ ብትሄድ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጁም ቢሆን ተሳስቶ ነው ይባላል። እሷ ግን አቤልን አየችው፤ አሁንም ቦታ ለቅቆላት ትሪውን እየጠቆማት ነው።

"ሐጃ፣ ይህ ሸህ አይደለም። ባሌ ነው" አለች።

ሐጃ ነፊሳ አፏን ከፈተች። "ማሕሺ የሚሠራው ባልሽ?"

ዝናሽ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ማሕሺ የሚበላው" አለች።

አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ሻይ ትን አላቸው። ሐጃ ነፊሳ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

"ለምን?" አለችኝ።

በሰባራ ዐረብኛዬ "ልጆቹ የእኔን ምግብ አይበሉም" አልኳት።

ሐጃ ወደ አቤል ጎንበስ አለች። "የአባትህ ምግብ እንዴት ነው?"

አቤል በጠራ የገዳሪፍ ዐረብኛ "ያራል" አላት።

"ይሄስ?"

"ይሄ ይጣፍጣል።"

"ይህን ማን እንደ ሠራው ታውቃለህ? እናትህ ናት። በየሰርጉ የበላኸውን ሁሉ የሠራችው እሷ ናት።"

ያን ጊዜ ነው መቅደስ ቀና ያለችው። እናቷን አየቻትና በአማርኛ "ታዲያ እማዬ፣ ለእኛ ለምን አትሠሪልንም?" አለቻት።

ዝናሽ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሐጃ ነፊሳ አማርኛ ባታውቅም ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ። የሙሽሪት አባት መጥተው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። ሰውየው እጃቸውን አወናጭፈው "ሰርጌ ላይ በላ ብላችሁ ነው ሰውን የምታሳፍሩት? ወላሂ፣ ሳይጠግብ አይወጣም!" አሉና ትሪውን ወደ እኔ ገፉት። እንዴት ብዬ ልጉረስ? ግን ልጆቹ በሉ። አቤል ምን ገዶት።

ሐጃ ነፊሳ ስትሄድ ፍርዷን ሰጠች። "ነገ ከዐሱር በኋላ ልጆችህን ይዘህ ግቢዬ ና። የሸህነትህን ሽንኩርት እየላጥክ ትከፍላለህ።"

ሄድኩ። ልሂድ እንጂ ምን አማራጭ አለኝ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ፊቴ ተዘረገፈ። ሴቶቹ በዙሪያዬ ተቀምጠው "ሸሁ፣ ያልቅሱ፣ ያልቅሱ፣ ኃጢአት ይታጠባል" እያሉ ይስቁብኛል። ዝናሽ ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት በልጆቹ በኩል ብቻ ነበር የምታናግረኝ። "መቅደስ፣ ለሸሁ ቢላ ስጪያቸው" ትላለች። ሲመሽ ግን ሐጃ ነፊሳ አንድ ትሪ ለብቻ ታስነሳለች፤ ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይበላሉ። ዝናሽ ለሥራ ከወጣች ወዲህ ልጆቿን ስታጎርስ ያየሁት ያኔ ነው። መቀለዷን የተወችውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ወይም የተወች መስሎኛል።

ዝኩኒ መቦርቦርም ተማርኩ። መጀመሪያ ከሁለት አንዱ ይቀደድብኝ ነበር። አሁን ሰርግ በማይኖርበት ሳምንት ቤት ውስጥ እኔው እሠራለሁ፤ ሩዙን በቲማቲምና በጨው አሽቼ፣ ሞልቼ፣ በዝግታ እሳት አበስላለሁ። ልጆቹ ያለ ጭቅጭቅ ይበሉታል። ሽሮ ግን እስከ ዛሬ ያርብኛል።

በዚህ ዓመት ሐጃ ነፊሳ የመጨረሻ ልጇን ዳረች። እኛን ጠራችን፤ በአንደበቷ፣ ቤታችን ድረስ መጥታ። ጀለቢያዬን ለብሼ ከዝናሽና ከልጆቹ ጋር ሄድኩ። በር ላይ የተቀበሉን ሰዎች ስሜን ጠርተው አስገቡኝ፤ ያማረው ትሪ ፊቴ ቀረበ። ታዲያ ያን ሁሉ ሰርግ ሳልጠራ ገብቼ እንደ ቤቴ ስበላ የኖርኩት ሰውዬ፣ በተጠራሁበት ዕለት አፍሬ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ፊቴ ላብ በላብ ሆነ።

ዝናሽ አይታኝ አንድ ማሕሺ አነሳችና ሰው ሁሉ እያየ አጎረሰችኝ። ሳላኝክ ልውጠው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ነገሩን ሳስበው የማፍረው በመብላቴ አይደለም። የሚገርመኝ ያ ሁሉ በር ነው። የሸሸው፣ ያዘነው፣ የራበው በሞላበት ከተማ፣ ሁለት ልጅ ይዤ የገባሁበት ድንኳን ሁሉ "አንተ ማን ነህ?" ያለኝ የለም። ሁሉም ያሉኝ "ልጆቹ በሉ ወይ?" ነው።