ቁንጫ እና ተከፍቶ የቆየው ብሮውዘር

የልጅ ልጄን ቁንጫ የምላት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። ኮምፒውተር ፊት እንኳ አንድ እግሯ ወንበሩ ላይ፣ ሌላው አየር ላይ ነው። ሥራዋ ለአንድ ክሊኒክ ታካሚዎች የቀጠሮ ማስታወሻ መላክ ነው። በእጅ መጻፍ ሲሰለቻት እሷን ተክቶ የሚጽፍ ኮድ ሠራች። ስንፍናዋ ብልህ ነው፤ ከማን እንደወረሰችው አልናገርም።

ችግሩ፣ ኮዱ በተነሣ ቁጥር አዲስ ብሮውዘር ይከፍታል። የክሊኒኩ ገጽ ደግሞ አዲስ ብሮውዘር ሲያይ እንደማያውቀው ሰው ቆጥሮ የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ የሚደርሰው ዋናዋ ነርስ ስልክ ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ነርሷ ቁጥሩን ከነገረቻት በኋላ፣ «ዳግመኛ ለዚህ ከደወልሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ቁንጫ ግን አስቀድማ ተዘጋጅታ ነበር። ብሮውዘሩን ስትከፍት ኮዱ በኋላ የሚገባበት በር ትታለታለች። የራሱን ቤት ከሚሠራ፣ እኛ ከፍተን የተቀመጥንበት ይግባ ማለቷ ነው።

«እማማ፣ ይኼን እንዳትዘጊው። ከተዘጋ ገጹ ይረሳኛል፤ ሥራዬም አለቀለት።»

ይህን ያለችኝ እኔም እዚያው ብሮውዘር ላይ ወሬ ይዤ ስለነበር ነው። የስልኬ ፊደል ያንስብኛል፤ ለልብስ ሰፊው የምጽፈው በሷ ኮምፒውተር ነው። ልብስ ሰፊው የማታ ትምህርት ጓደኛዬ ነው፤ ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው ከሸበትን በኋላ ነው። ቤቴን ለማየት ግብዣ ሲጠብቅ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝና እንዳልገባኝ እሆናለሁ።

ኮዱ በበሩ ገባ። ብሮውዘሩ ውስጥ ጎን ለጎን ከተከፈቱት ገጾች፣ ታብ ከምትላቸው፣ የትኛው ላይ እንደሚጽፍ ግን አልነገረችውም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ያዘ። የእኔን።

«ነገ ጠዋት ይምጡ» ብሎ ለልብስ ሰፊው ላከ። ቀጥሎም፣ «ምንም ሳይበሉ ይምጡ»።

እጄ ወደ ብሮውዘሩ መዝጊያ ሄደ። ቁንጫ ክንዴን ያዘችኝ።

«እማማ፣ በሞቴ ተዪው። ከተዘጋ ለነርሷ መደወሌ ነው።»

«እኔስ? ሰውዬው ምን ይለኛል?»

«እሱ ይስቃል። ነርሷ አትስቅም።»

ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረበትም። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። በዚህ መሃል ኮዱ፣ «የሽንት ናሙና ይዘው ይምጡ» ብሎ ጨመረበት።

ቁንጫ ብሮውዘሩን ሳትነካ ኮዱን ብቻ አስቆመችው። ከተከፈቱት ታቦች መካከል በአድራሻው የክሊኒኩን ፈልጎ እንዲይዝ ጻፈችለትና እንደገና አገናኘችው። አሁን የእኔን ታብ አልፎ ሄደ። ማስታወሻዎቹ አንድ በአንድ ለታካሚዎቹ ወጡ፤ ለነርሷም አልተደወለም። ቁንጫ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ሲነኩ ያየሁት ያኔ ነው።

ከልብስ ሰፊው መልስ መጣ፤ «ዛሬ ደግሞ አንቱ ማለት ከየት መጣ? ቁርሱ ይሁን። የመጨረሻውን ግን ምን ልታደርጊበት ነው?»

ቁንጫ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «በይ ስህተት ነው በይው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ።

«ስህተት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። አጠፋሁት።

«ምነው?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳትና በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ጻፍኩለት፤ «የመጨረሻውን ተወው። የቀረው እንዳለ ነው።»