ለጋሪ የተባለ ዘይት

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ተድላን የማያውቅ ካለ መኪና የሌለው ሰው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሕሪ ጋራዥ ሰፈር በጀርባው ተንጋሎ የሰው መኪና ሆድ ሲያይ ኖሯል። ሱዳኖቹ «ያ ባሽሙሀንዲስ» ይሉታል፤ ዋና መሐንዲስ እንደማለት ነው። አገሩ ጎማ ለሚነፋም ይህንኑ ማዕረግ አይነፍግም። ተድላ ግን ከልቡ አምኖ ተቀበለው።

ይህ ባሽሙሀንዲስ የዲፍረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የብረት ጥርስ ያለበት) ዘይት የሚመርጠው በሦስት መሣሪያ ነበር፤ በአውራ ጣቱ፣ በሌባ ጣቱና በአፍንጫው። ጠብታ ወስዶ ያሻል፣ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ያላቅቃል፤ ዘይቱ እንደ ማር ክር ከሳበ «ይሄ ዘይት ነው» ይላል። ከዚያ ያሸታል። አፍንጫ ከሰነፈጠ ፍርዱ ጸና፣ ይግባኝ የለም። ጣሳ ላይ የታተመ ቁጥር እሱ ዘንድ የፋብሪካ ፕሮፓጋንዳ ነው። የዓለም መሐንዲሶች ላቦራቶሪ ውስጥ ዕድሜያቸውን የሚፈጁት ለካ የተድላን ሁለት ጣት ስላላወቁ ኖሯል!

ጦርነቱ የፈነዳው በቀዳም ሥዑር ጠዋት ነው። ሁለት ጀነራሎች አንድ ወንበር አልበቃ ብሏቸው፣ ሁለቱም በየመግለጫቸው ሰፊውን ሕዝብ ሊያድኑ ተነሡ፤ ሕዝቡም ከአዳኞቹ ለመዳን መሮጥ ጀመረ። የተድላ ቦክሲ (ካርቱም ላይ ከኋላ ክፍት የሆነችዋን የጭነት መኪና እንዲህ ነው የሚሏት) ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። በዋዜማው፣ ሌላው ለስቅለት ሲሰግድ፣ እሱ የኋላ ዲፍረንሻሏን ዘይት አፍስሶ ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒዋን ሲቀይር ውሏል። ኃጢአቱ ጠቀመው። ታጣቂዎች ሁለቴ መኪና ሊወስዱ መጥተው፣ አክሰሏ መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያዩ ተሳድበው ሄዱ። ጋራዡ ከነዘይቱ ተቃጥሎ ሳለ ቦክሲዋ ተረፈች።

ያልተረፈው የሚስቱ መድኃኒት ነው። ወለተማርያም ስኳር አለባት፤ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። መብራት ከጠፋ ወዲህ ጠርሙሷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከውኃ እንስራው ጎን ታኖራለች። ፋርማሲዎቹ ተሰብረዋል። በአምስተኛው ሳምንት የቀራት የሦስት ቀን መድኃኒት ብቻ ነበር። በምሥራቅ፣ ገዳሪፍ ከተማ ሆስፒታል ግን መድኃኒቱ እንዳለ ሰው ነገራቸው። መንገዱ በሰላሙ ጊዜ የአንድ ቀን ነው፤ ቦክሲዋ የጎደላት ሦስት ሊትር የዲፍረንሻል ዘይት ነው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ሦስት ሊትር ዘይትና ሦስት ቀን።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስት ኢስሐቅ ቤት ሄዱ። ኢስሐቅ መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ሱቁ ሲዘረፍ የተረፈችውን ዕቃ አልጋው ሥር አጉሯታል።

«ለቦክሲ የኋላ ዲፍረንሻል? ዕድለኛ ነህ» አለ ሽማግሌው፣ ማኅተሙ ያልተነካ ጣሳ ከአልጋ ሥር እየሳበ። «ሲንተቲክ ነው፤ ሰባ አምስት በዘጠና። ሲቀዘቅዝ አይገግር፣ ሲግል አይሟሟ። አንድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ተድላ ማኅተሙን ፈታ፣ ጠብታ አሸ። ክር አልሳበም። አሸተተ። አፍንጫውን ሰላም ብሎት ብቻ አለፈ።

«ጋሽ ኢስሐቅ፣ ይሄ ውኃ ነው።»

«ዘይት ነው።»

«በዚህ ሙቀት ሰባ አምስት ቁጥር? መቶ አርባ የሚባል እያለ?»

«ቁጥሩ የከብት ዋጋ መሰለህ እንዴ፣ ትልቁ የሚበልጠው?»

ተድላ አልሰማውም። ዓይኑ ጥግ ላይ ከቆመ ጄሪካን ላይ ተተክሏል። «ያስ?»

«ተወው እሱን። ለካሮ ነው፣ ለአህያ ጋሪ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ያወፈረው ሰውዬ ምን እንደጨመረበት እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ጋሪ ነጂዎች ጎማቸው እንዳይጮህ ይቀቡበታል።»

ተድላ ጣቱን ነከረ። ክሩ ስንዝር ያህል ተሳበ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

የባሽሙሀንዲሱ ንቃት ጫፍ የደረሰው እዚህ ላይ ነው። ስደተኛ ሆኖ በሐጅ ዩሱፍ ገበያ ሲገበያይ አንድ ትምህርት ቀስሟል፤ ነጋዴ የሚያሞግሰው ያልተሸጠለትን ነው፣ የሚያጣጥለው ለራሱ ያስቀረውን። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከኪሳራ አድኖታል። ስለዚህ ትንታኔው እንዲህ ሆነ፦ ኢስሐቅም መኪና አለው፤ ኢስሐቅም ነገ ይሸሻል፤ ወፍራሙን ለራሱ ደብቆ ቀጭኑን ሊያሸክመኝ ነው። ሽማግሌው ምናልባት በንግድ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናግሮ ነበር፤ ደንበኛው ግን ለዚያ አልተዘጋጀም።

ወለተማርያም ጣሳውን አንሥታ እያገላበጠች ታነባለች። ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ከሳሙና ካርቶን ላይ የፈረንጁን ፊደል ለቃቅማለች። «ጂ ኤል አምስት ይላል። ለዲፍረንሻልም ይላል፣ ይኸውና። የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ያሳየኸኝ ይሄንኑ አይደለም?»

«ወለቴ፣ አንቺ ስለ ስኳርሽ ዕወቂ።»

«እሱንም የማውቀው እያነበብኩ ነው። ጠርሙሴን ሳላነብ ብወጋ ኖሮ ይኸኔ ሰባት ዓመቴን ደግሰህ ነበር!»

ኢስሐቅ ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ነገሩን ጨረሰው። ሚስቱ ሰው ፊት ዘይት ያስተማረችው ባሽሙሀንዲስ ከዚያ በኋላ ቀጭኑን ቢመርጥ ምን ፊት ይኖረዋል?

«ጄሪካኑን ስጠኝ» አለ።

«ልጄ፣ ተው።»

«ስጠኝ አልኩህ።»

«እንካ። ከተረፈህ ፀጉርህን ተቀባው።»

ከሰዓት በኋላ ዘይቱን ሞላ፣ አክሰሉን ገጠመ። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ወጡ። አንዱ ኬላ ላይ የእሱን ስልክ ሰጥተው አለፉ፣ ሌላው ላይ የእሷን። የኡም ደዋንባንን ከተማ አልፈው ሜዳው ሲገለጥ ወለተማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች።

ያኔ ነው ከኋላ ቀጭን ዋይታ የተሰማው።

«ነፋስ ነው» አለ ተድላ።

ነፋስ አልነበረም። አሥራ ስምንት ዓመት የሰማውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ብረት ብረትን ሲበላ ነው። ፍጥነቱን ቀነሰ። ቆመ፣ ከሥር ገብቶ እጁን ቢያስጠጋ ግለቱ መለሰው። አንድ ሰዓት አቀዘቀዙ። እንደገና ተነሡ። ዋይታው ወደ ጩኸት፣ ጩኸቱ ወደ መንቀጥቀጥ አደገ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ «ቋ!» አለና ቦክሲዋ ቀጥ አለች።

ተድላ መክደኛውን ፈታ። ያ እንደ ማር የተሳበ ዘይት አረፋ ደፍቆ እንደ ሻይ ፈሰሰ። ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚለው የጥርሱ ስብርባሪ ነበር።

«ይሠራል?» አለች።

«አይሠራም።»

«በምንም?»

«በምንም።»

ምላሷ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ያልራራለት ሴት የጠርሙሷን ጨርቅ ልታረጥብ ዞረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። መዳፉ ላይ የብረት ፍርፋሪውን ይዞ፣ ጣቶቹን ሳያሻ፣ ፀሐዩ ላይ ቁጢጥ አለ።

መኪኖች በተርታ አለፏቸው፤ የሁሉም ጣሪያ ፍራሽ ተሸክሟል። ማንም አልቆመም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በጎችና ሰዎች እኩል ያጨቀ ሎሪ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሹፌሩ በመስኮት አየና አንድ ጣት አወጣ።

«ዋሂድ! ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታ ያለኝ። እስከ ገዳሪፍ። ያላ፣ ቶሎ!»

«ሎሪው ላይ ውጪ» አለ ተድላ።

«አንተስ?»

«ውጪ አልኩሽ፣ ወለቴ። የቀረሽ የዛሬና የነገ ነው።»

ከላይ ያሉት እጇን ይዘው ጎተቷት። እርጥቡን ጨርቅ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ከሁለት በግ መካከል ተቀመጠች። ሎሪው ሲያጓራ አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦

«ሆስፒታሉ በር ላይ ነኝ! ሳትመጣ አልገባም!»

«ግቢ! አንቺ ሴት፣ ደርሰሽ ግቢ!»

«አልገባም አልኩህ!»

«ያ ሐጃ፣ ተቀመጪ!» አለ ሹፌሩ።

አቧራው ሸፈናቸው። ተድላ የሚያውቀው ነገር ብዙ ባይሆንም ይህችን ሴት ያውቃታል። አልገባም ካለች አትገባም። ስልክ የለውም፣ «እኔን አትጠብቂ» ብሎ የሚልክበት ሰው የለውም። ያለችው ሀብት ይህቺ ቦክሲ ናት፤ ጥሏት ከሄደ እስከ ማታ ጎማዋ እንኳ አይተርፍም። ትቷት ካልሄደ ግን አንዲት ሴት በር ላይ ያለ መድኃኒት ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ቁልፉን እንደተሰካ ተወው። የቀረችውን ውኃ ይዞ፣ ሎሪው በሄደበት አቅጣጫ፣ በእግሩ ጀመረው። ከኋላው መኪና በመጣ ቁጥር እጁን ያነሣል። አንዱም አላቆመለትም፤ እሱም መራመዱን አላቆመም።